በርሜል ውስጥ የከረመች ማንዶሊን

ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰው የሚያወራው እየጮኸ ነው። ሞተሩ ሲያጓራ ሰላምታውም ሐሜቱም ከጉሮሮ ተገፍቶ ካልወጣ አይሰማም። ስለዚህ ሐይቅ ከተማ ውስጥ በሹክሹክታ ሊነገር የሚገባው ነገር ሁሉ ወፍጮ ቤት ተራ ላይ በጩኸት ይነገራል፤ ወፍጮው ራሱ እየሸፈነው ያልፋል። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን መብራት ጠፋ። ወፍጮው እየዛለ እየዛለ ሄዶ ቀጥ ሲል የአንዲት ሴት ድምፅ በዱቄቱ ብናኝ መሀል ብቻውን ቀረ። "... ቤቱን አራግፈው የወሰዱትማ እዚሁ አጥር የሚጋሩን ናቸው እንጂ ከሰማይ የወረደ ሌባ የለም! ማንዶሊኗንም ቢሆን ዛሬ አሥር ሰዓት ወንድሜ ሲገባ እናያታለን፣ ካለች!"

ተናጋሪዋ ጸዳለ ነበረች። ከእሷ ሦስት ሰው አልፎ፣ ሃያ ኪሎ ማሽላዋን በጉልበቷ ደግፋ የቆመችው ደግሞ አጥር የምትጋራት ሙጂባ ናት። ተራ የያዘው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሙጂባን አየ፣ ቀጥሎ ጸዳለን፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ የየራሱን ጆንያ አፍ ማጥበቅ ጀመረ። ጸዳለ ፊቷ ደም መሰለ፤ ነጠላዋን አስተካከለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ጸዳለም ለማሸት አልሞከረችም። ሙጂባ "መብራቱ ቶሎ ይመጣ ይሆን?" ብላ የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ጠየቀችና መልሱን ሳትሰማ፣ ማሽላዋን እዚያው ትታ ወጣች።

ወንድሜ የተባለው ጋሽ አምሳሉ ነው። ሠላሳ ዓመት አስተምሮ ጡረታ የወጣ፣ አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ማንዶሊን የሚጫወት፣ አምባሰልን ሲጀምርማ የአላፊ አግዳሚውን እግር የሚይዝ ሰው ነበር። ጦርነቱ ሐይቅ የገባ ሰሞን አዲስ አበባ ልጁ ዘንድ ሲሸሽ በአጥሩ ቀዳዳ ለሙጂባ ያቀበላት አንድ ነገር ቢኖር ያችን ማንዶሊን ነው፤ "ከእኔ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጭ፣ አደራ" ብሎ። ቀኑ አልፎ ሰው ሲመለስ የጋሽ አምሳሉ ቤት ኦና ሆኖ ተገኘ። ፍሪጁ፣ አልጋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የበሩ መዝጊያ ሳይቀር ሄዷል። ማን እንደ ወሰደው ያየ የለም፤ ያየም ቢኖር አይናገርም። ጸዳለ ቤቱን አሳድሳ ስትገባበት ማንዶሊኗን ሁለት ጊዜ ጠየቀች፤ ሙጂባ ሁለቱንም ጊዜ "ለራሱ እጅ ብሎኛል" አለቻት። ይህች መልስ አራት ዓመት ሙሉ ስትቦካ ከርማ ነው እንግዲህ ዛሬ የገነፈለችው። ማንዶሊኗ ደህና ሆና ከወጣች የሙጂባ ስም ደህና ነው። ካልወጣች ፍሪጁም አልጋውም የበሩም መዝጊያ ሙጂባ ቤት ተበላ ማለት ነው።

"ትኖራለች እንጂ የት ትሄዳለች" እያለች ነው መንገዱን የጨረሰችው። ማንዶሊኗ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ በጋሽ አምሳሉ በራሱ አንሶላ ተጠቅልላ፣ እሱ በቋጠረው ቋጠሮ እንደ ታሰረች ተቀምጣለች። ሙጂባ ቋጠሮውን አንድም ቀን ፈትታው አታውቅም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ የምትል እናት ያሳደገቻት ሴት ናት፤ የሰው አደራ ፈትቶ ማየት ለእሷ አደራውን በግማሽ እንደ መብላት ነው። ዛሬ ግን ባለቤቱ ሊመጣ ነውና አቧራዋን ላራግፍ ብላ በርጩማ ላይ ወጥታ አወረደቻት። ባሏ ኑርዬ በሩ አጠገብ ያበጠ እግሩን ሳጥን ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ኑርዬ ድሮም ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ ቁጠባው ብሶበት፣ ሻይ ሲፈልግ እንኳ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ማሳየት ሆኗል ንግግሩ። ሙጂባ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው፤ አንሶላው ሲከፈት የነጭ ሽንኩርት ዓይነት፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ የቆየ ሽታ ወጣ። እንጨቷ ደህና ናት፤ ሆዷ አላበጠም፣ አንገቷ አልጎበጠም። ክሮቹ ግን እዚህም እዚያም ተበጥሰው ተጠቅልለዋል። ክሮቹን ከሆዷ ከፍ አድርጎ የሚይዘው በርኩማ ለሁለት ተሰንጥቆ አንሶላው ላይ ወደቀ። ክሩ የሚጠመጠምባቸው፣ ጥርስ ያላቸው ጥቃቅን መዘውሮች፣ መቃኛዎቹ ማለት ነው፣ ጠቁረውና አረንጓዴ አውጥተው ተጣብቀዋል። አንዱን በጣቷ ሞክራ ብታዞረው እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈርፍሮ እጇ ላይ ቀረ።

"ያረቢ!" አለች ሙጂባ። መሬት ላይ ተቀመጠች። ያልነካችው ነገር እጇ ላይ ሲፈርስ እያየች፣ የጸዳለ ድምፅ ከወፍጮ ቤቱ ተከትሏት መጥቶ ከጎኗ የተቀመጠ መሰላት። ኑርዬ ከበሩ ዘወር ብሎ አያት።

"እንዳለች ስጭው" አለ።

"እንዳለች? ይችን? ጸዳለ ፊት?" ኑርዬ መልሶ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። ሙጂባም ሰውዬው እንደ ልማዱ ነገሩን ከትከሻው ላይ አወረደ ብላ በልቧ ረገመችው። ማንዶሊኗን መልሳ ጠቀለለች። ለመድኃኒት ያስቀመጠችውን አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረች። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ነበር።

ሙነወር የሐይቅ ከተማን ራዲዮ፣ ስልክ፣ የመስጊዱንም የቤተ ክርስቲያኑንም ድምፅ ማጉያ የሚጠግን ሰው ነው። ሱቁ አንድ የተቀመጠና አንድ የቆመ ሰው ብቻ የሚይዝ ነው፤ የተቀረውን ቦታ ሆዳቸው የተከፈተ ቴሌቪዥኖች ይዘውታል። ማንዶሊኗን ተቀብሎ መብራቱ ሥር አገላበጣት፣ ከዚያ ያላሰበችውን ነገር አደረገ፤ አፍንጫውን ወደ መቃኛው አስጠግቶ አሸተተ።

"የት ነበረች?"

"ቁም ሳጥን ላይ።"

"ከዚያ በፊትስ?"

ሙጂባ ዘወር ብላ ሰው አለመኖሩን አየች። "በርሜል ውስጥ። በቆሎ ውስጥ። ያን ጊዜ የሚያዩት ሁሉ ይወሰድ የለ?"

"የነቀዝ ኪኒን ነበረበት አይደል? እሱ ነው የበላት።" ሙነወር የሞተ ሰው እንዳገኘ ሐኪም ተረጋግቶ ነው የሚያስረዳት። አንድ የእህል ነጋዴ መጋዘኑ ውስጥ ትቶት የከረመ ማጉያ አምጥቶለት ያውቃል፤ የመዳብ ሽቦው በሙሉ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። የኪኒኑ ጭስ ነቀዙን ገድሎ ዝም አይልም፤ ነሐስና መዳብ ካገኘ ይበላል። ከዚያ ደግሞ በተጠቀለለበት አራት ዓመት እየዛገ ይኖራል። እንጨቱን ግን አይነካም። "መቃኛ ከተተከለበት ሳህን ጋራ፣ በርኩማ፣ ክር። እነዚህ ከመጡ በአንድ ሰዓት እሠራታለሁ። የሚመጡበትን እንጃ" አለና ደሴ ደወለ። የደሴው ባለ ሱቅ ሳቀበት። የጊታር ክር ሞልቷል፣ የክራርም አለ፤ የድሮ ማንዶሊን መቃኛ ግን ከአዲስ አበባ ታዞ ነው፣ ከተገኘ በአሥራ አምስት ቀን። ሙጂባ ከስልኩ የሚወጣውን ሳቅ ሰማችው። ሙነወር ጭንቅላቱን እያከከ ቆየና አንድ ሰው ትዝ አለው። ውጫሌ ላይ ምስጋናው የሚባል ማንዶሊን ተጫዋች ነበር፤ ሞቷል፤ ሚስቱ ጥሩሰው ትባላለች፤ ማንዶሊኑ ተሰብሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በዓይኑ አይቷል። "አብሽሪ" አላት፣ "ብቻ ቶሎ በይ።"

ቶሎ በይ የሚለውን ለሚኒባሱ ረዳት ማን ይንገርለት! "ውጫሌ፣ ሁለት ሰው የቀረው!" እያለ ሲጣራ ሙጂባ ሮጣ ገባች፤ ውስጥ ያሉት አራት ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ሽማግሌ ገቡ፣ አንዲት ዶሮ የያዘች ሴት ገባች፣ ሽማግሌው ሰለቻቸውና ወረዱ። መኪናው ሲነቃነቅ አምስት ሰዓት ሊሆን ነበር። መቶ ሃያ ብሯን ከፍላ መስኮቱን ተደግፋ፣ የነቀዝ ኪኒኑን ነገር ማሰብ ጀመረች።

ኪኒኑን በየዓመቱ በርሜሉ ውስጥ የሚጨምረው ኑርዬ ነው። ማንዶሊኗ ያን ጊዜ እዚያ እንደ ነበረች ግን አያውቅም፤ አልነገረችውም። ያልነገረችበትም ምክንያት አላት። ታጣቂዎቹ የገቡ ቀን ኑርዬ ከብቶቹን ይዞ ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ ወንድሙ ዘንድ ነበር። "እህል አውጭ!" ሲሏት ጓዳው ውስጥ የነበረው ሁለት ነገር ነው፤ ለልጃቸው ለሳጂዳ ኒካህ የተቀመጠ ሁለት ኩንታል ጤፍና አንድ በርሜል በቆሎ። በርሜሉ ከተገለበጠ የጋሽ አምሳሉ አደራ ትወጣለች። ሙጂባ አንድም ጊዜ አላሰበችም፤ ጤፉን በገዛ እጇ እየጎተተች አወጣችላቸው። ጤፍ እያለ በቆሎ ማን ይጠይቃል? ተሸክመው ሄዱ። ኑርዬ ሲመለስ "መርጠው ወሰዱት" አለችው፤ እሱም "አላህ ይተካ" ብሎ ዝም አለ። ሳጂዳ በበቆሎ ቂጣ ተዳረች። የሙሽራው ወገኖች "የዘመኑ ነገር ነው፣ ምን ይደረግ" እያሉ ቂጣውን ሲያላምጡ ሙጂባ ጓዳ ገብታ ያለቀሰችው ልቅሶ እስከ ዛሬ ደረቷ ላይ አለ። ጤፍ ደግሞ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ኪኒንም አይፈልግም። ያን ሁሉ ከፍላ ያዳነቻትን ነገር በጓዳዋ መርዝ ስታስበላ ኖራለች! ሳቋም እንባዋም በአንድ ላይ መጣና ዶሮ የያዘችው ሴት ዘወር ብላ አየቻት።

የጥሩሰውን ቤት ለማግኘት አልተቸገረችም። ከገበያው ጀርባ፣ አንድ ክፍል፣ ግድግዳዋ በጋዜጣ የተለበጠ፣ አልጋዋ በአራት ጡብ ከፍ ያለ። ማንዶሊኑ ከአልጋው ራስጌ በላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ሆዱ ለሁለት ተከፍሏል፣ መቃኛዎቹ ግን ከአቧራው ሥር ቢጫ ናቸው። ሙጂባ ዓይኗን ከእነሱ ላይ መንቀል አልቻለችም። ጥሩሰው ሰባ የዘለሉ፣ ጆሯቸው ደከም ያለ ሴት ናቸው። እንግዳ ካገኙ የቆዩ ይመስላል። የመጣችበትን ሳይሰሙ ድንች ቀቅለው አቀረቡ፤ "ሳትቀምሽማ ከዚህ ቤት አትወጭም።" ሙጂባ ትኩሱን ድንች እየላጠች፣ ምላሷን እያቃጠላት፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ጉዳይዋን ተናገረች። አሮጊቷ ሲገባቸው ማላመጣቸውን አቆሙ።

"ለአምሳሉ ነው? ለአስተማሪው?"

"አዎ እማማ። ያውቁታል?"

"ሁለቱ አብረው አይደል እንዴ ሲጫወቱ የኖሩት!" ሳቁ፤ ከዚያ ስለ ምስጋናው አወሩ። እንዴት አብረው በየሰርጉ ይጫወቱ እንደ ነበር፣ እንዴት አንዱ የአንዱን ክር እየፈታ ያስር እንደ ነበር፣ ከመቃኛዎቹ የአንዱ መያዣ ተሰብሮበት ምስጋናው በበሬ ቀንድ ቀርጾ እንደ ተካው። ሙጂባ "እሽ እማማ፣ እሽ" ትላለች፤ የግድግዳው ሰዓት ሰባት አለ። ዋጋ ስትጠይቃቸው ዘለግ አድርገው አሰቡ። "የሙዚቃ ዕቃ ዋጋ አላውቅም፤ የዘይት ዋጋ ግን አውቃለሁ። ባለ አምስት ሊትር አምጭልኝ" አሉ። ሱቁ ድረስ ሮጣ ሄዳ ዘይቱን አንድ ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ብር ገዝታ፣ ሮጣ ተመለሰች። መቃኛውን ከነሳህኑ፣ በርኩማውንና የተረፉትን ስድስት ክሮች በወጥ ቤት ቢላ ጫፍ እየፈቱ ሰጧት። በር ላይ ክንዷን ያዙ። "የምስጋናው ናት ብለሽ ንገሪው። ደስ ይለዋል፣ አውቀዋለሁ።" ሙጂባ "እነግረዋለሁ" አለች። ላትነግረው እየወሰነች ነበር። ከነገረችው፣ የራሱ የት ሄደ ይላታል።

ስትመለስ ኬላ ላይ መኪናው ቆመ፤ መታወቂያ ታየ፤ የአንድ ሰው መታወቂያ ጠፋ፤ ተገኘ። ሐይቅ ስትደርስ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል። ሙነወር ምሳውን ትቶ ጠብቋታል። የተበሉትን መቃኛዎች ነቅሎ በፌስታል አደረገላትና የምስጋናውን ተከለ፤ ልክ ገጠመ። የጎደሉትን ሁለት ክሮች ከሞተር ፍሬን ገመድ ነጠላ ሽቦ ፈትቶ ተካቸው። ሙጂባ ራሱ ላይ ቆማ ሰዓት ትቆጥራለች። ዓይኗ አንድ ነገር ላይ ያረፈው ሊጨርስ ሲል ነው። የመቃኛው መያዣዎች ሰባቱ ነጭ ሲሆኑ ስምንተኛው፣ ያ ከቀንድ የተቀረጸው፣ ቡናማ ሆኖ ከሩቅ ይጮሃል። የጋሽ አምሳሉ ስምንቱም ነጭ ነበሩ።

"ምን አለበት፣ ተይው" አለ ሙነወር። እሷ ግን ከጎን ካለው ሱቅ ነጭ የጥፍር ቀለም በሰማንያ ብር ገዝታ መጣች። በሕይወቷ የጥፍር ቀለም ስትገዛ የመጀመሪያዋ ነበር። በዚያች ትንሽ ብሩሽ ቀንዱን ሁለት ጊዜ ደራርባ ቀባችው፣ እፍ አለችበት፣ አሁንም እፍ አለችበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ማን በዚያ ሰዓት ያስታውሰዋል? አንሶላዋን ጠቅልላ፣ ቋጠሮውን የድሮው እንዲመስል ሦስት ጊዜ ሞክራ አስራ ቤቷ ስትገባ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነበር። ኑርዬ ጥቅሉን አየ፤ እሷን አየ። 

ጋሽ አምሳሉ ከእህቱ ጋር ገባ። ከስቷል፤ ኮቱ የሌላ ሰው መስሏል። ሙጂባን አቅፎ ትከሻዋን ሳመ። "ኑርዬ፣ እግርህን ምን ነካህ?" "አልሃምዱሊላህ፣ ይሻለዋል።" "ሳጂዳስ?" "ወልዳለች።" "እሰይ፣ እሰይ።" ከዚያ ሻይ ተቀዳ። ጸዳለ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሻይዋን ሳትነካ ክፍሉን ታያለች፤ ዓይኗ ከቁም ሳጥኑ ወደ አልጋው፣ ከአልጋው ወደ መጋረጃው እየሄደ የወንድሟን ዕቃ ይፈልጋል። ሙጂባ ያን ዓይን እየተከተለች፣ በገዛ ላቧ የገዛችውን አልጋ እንደ ሌባ አፈረችበት። የሚያስጠላ ነገር ነው፤ ሰው ንጹሕ ሆኖ ሳለ የሚያፍረው እፍረት።

ጥቅሉን ጭኑ ላይ ስታስቀምጥለት ጋሽ አምሳሉ ቋጠሮውን ፈታው። እንጨቷን በመዳፉ ዳበሳት፣ አንገቷን፣ ጀርባዋን፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። "አለሽ?" አላት ማንዶሊኗን፣ እንደ ሰው።  ክሮቹን አንድ በአንድ ነካ አደረገና ወደ መቃኛው ሄዶ አንዱን አጠበቀ፣ ሌላውን ላላ አደረገ፤ ጣቱ ስምንተኛው ላይ ቆመ። አውራ ጣቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ። ጣቱ ነጭ ሆኗል። የጥፍር ቀለሙ አልደረቀም ነበር። በአንሶላው ጫፍ መያዣውን ጠረገው፤ ከነጩ ሥር ቡናማው ቀንድ ወጣ።

"ይሄ የእኔ መቃኛ አይደለም፣ ሙጂባ" አለ። ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር።

"ተበልቶብኝ ነው... በነቀዝ ኪኒን... ውጫሌ ሄጄ፣ የምስጋናው ሚስት ናት የሰጠችኝ..."

"መቼ?" አለች ጸዳለ።

"ዛሬ።"

"ዛሬ! አራት ዓመት እጇ ላይ ቆይታ፣ እመጣለሁ ባለበት ዛሬ! ምነው ቀለም ቀባችው ታዲያ? የቀየረ ሰው አይደል ቀለም የሚቀባ? የራሱን ለማን ሸጥሽው?"

ሙጂባ ፌስታሉን አምጥታ የጠቆሩትን መቃኛዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። ጸዳለ በጣቷ ጫፍ ገፋቻቸው። "ዝገት የትም አይጠፋም" አለች። ጋሽ አምሳሉ ቀና አላለም። እውነቱን ተናግራ ጨርሳለች፤ ግን እውነቱ ዘግይቶ ስለመጣ ማንም ቦታ አልለቀቀለትም። ከነገ ጀምሮ ወፍጮ ቤት፣ ገበያ፣ የሳጂዳ ቤት ሳይቀር ይህ ወሬ ቀድሟት ይደርሳል። ቁም ሳጥኑን ተደገፈች።

ያን ጊዜ ኑርዬ እግሩን ከሳጥኑ ላይ አወረደ። ለመቆም ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ በሦስተኛው ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

"ኪኒኑን የጨመርሁት እኔ ነኝ" አለ። "ከአርዲቦ የተመለስሁ ዕለት ለወፍጮ ልቀዳ እጄን በርሜሉ ውስጥ ስሰድ ነካኋት። ምን እንደሆነች ገባኝ፤ ጤፉ ለምን ሄዶ በርሜሉ እንደ ተረፈም ያን ጊዜ ገባኝ። መልሼ ከደንኋት፤ ኪኒኑንም ጨመርሁበት። በቆሎው እንዲከርምልን ነው፤ ሌላ እህል አልነበረንም። ብረት ይበላል ያለኝ የለም።" ትንፋሽ ወሰደ። "ሌላ እህል ያልነበረን ለምን እንደሆነ ጠይቋት። ጤፉን ለወሰዱት ሰዎች ጎትታ የሰጠችው እሷ ናት። በርሜሉን እንዳይነኩ። ልጄ ወላሂ በበቆሎ ቂጣ ነው የተዳረችው፣ ጸዳለ፤ ለዚች እንጨት ሲባል።"

ሙጂባ ባሏን እንደማታውቀው ሰው አየችው። አራት ዓመት! አራት ዓመት ሙሉ አውቆ፣ አንድ ቀን ሳይጠይቃት፣ "መርጠው ወሰዱት" ያለችውን ውሸት እንደ እህል ውጦ ተቀምጧል። እሷም የእሱን ዝምታ ቂም ነው ብላ ከጎኑ ስትተኛ ኖራለች። ኑርዬ የሚለውን ብሎ ጨርሶ ተቀመጠ፤ እግሩንም መልሶ ሳጥኑ ላይ ሰቀለ።

ጋሽ አምሳሉ ጠረጴዛው ላይ ከተዘረገፉት መቃኛዎች አንዱን አንስቶ ሲጨብጠው መዳፉ ላይ ተፈረፈረ። "በበቆሎ" አለ ለራሱ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ሙጂባ፣ እንጨት'ኮ ናት። ብትሰበርም፣ ብትወሰድም... እንጨት ናት'ኮ" አላት።

"አሁን ነው እንጨት የሆነችው?" አለች ሙጂባ።

ጋሽ አምሳሉ አፈረ፤ አንገቱን አቀረቀረ። "ልክ ነሽ" አለ። "ይቅር በይኝ። እኔ ከነገ ወዲያ ልጄ ዘንድ ተመላሽ ነኝ፤ ሕክምና አለብኝ። አንችን የመሰለ የሚታመን ሰው ከወዴት አገኛለሁ? እስክመለስ እዚሁ ትቆይልኝ።" ይህን ማለቱ የምርቃት ያህል፣ ስሟን ሰው ፊት የመለሰላት ያህል ነበር፤ እሷም ገብቷታል። ሁሉም እሽ እንድትል ጠበቁ። ሙጂባ ዕድሜዋን ሙሉ እሽ ያለች ሴት ናት።

"አይሆንም፣ ጋሽ አምሳሉ" አለች። "ያኔ ከቤቴ የወጣውን አላህ ያውቃል። አራት ዓመት ጠግቤ አልተኛሁም፤ ዝናብ ሲመጣ ጣራው እንዳያፈስባት፣ አይጥ ሲንኮሻኮሽ እንዳይበላት፣ እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ እንዳያርፍባት። ዛሬ ደግሞ ሌባ ተባልሁባት። በቃኝ።" ማንዶሊኗን ከጭኑ ላይ አነሳች፤ በአንሶላው መልሳ ጠቀለለቻት፤ ወስዳም ጸዳለ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። "ለእህትህ ስጣት። ለእኔ ያልኸውን በላት።"

ጸዳለ "እኔማ..." ብላ ወንድሟን አየችው። ጋሽ አምሳሉ አንዴ ሙጂባን፣ አንዴ እህቱን አየና ለጸዳለ ቀስ ብሎ ነገራት። "ከእኔ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጭ። አደራ።"

ጸዳለ ጥቅሉን በሁለት እጇ ይዛ ተነሳች። ጠበቅ እንዳታደርገው ፈራች፣ ላላ እንዳታደርገውም ፈራች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ወደ ሙጂባ ዞረች።

"የት ነው የማስቀምጣት?" አለች።